ምንም የማይል ቤት

ከሁለት ወንዞች መካከል፣ ካርታ ነዳፊዎች እጃቸው ደክሟቸው ሻይ ሊጠጡ በተነሡበት ሥፍራ፣ አንድ አገር ነበረ፤ ዛሬም አለ። ስሙን የማንጽፈው ፈርተን አይደለም። ስሙን የሰማ ሁሉ ሊጎበኘው ይነሣና በሕዝቡ ላይ እንግዳ እንዳይበዛበት አዝነንለት ነው። በዜና መዋዕሉ እንደ ተጻፈው ሕዝቡ ከጥንት ጀምሮ እንግዳ ተቀባይ ነበር። እንግዳ ሲመጣ እግር ያጥባል፣ ያለውን ያቀርባል፤ እንግዳውም ሲሄድ «እግዜር ይስጥልኝ» ብሎ ይሄዳል፤ ነገሩም በዚያው ያበቃ ነበር። ነገር በዚያው የሚያበቃበት ዘመን ግን ለመንግሥት አይመችም።

የዘመኑ ገዢ አንድ ጊዜ ወደ ጎረቤት አገር ወርዶ በአንድ ማረፊያ ቤት ሦስት ቀን ሰነበተ። ሊመለስ ሲል ባለማረፊያው ቀጭን መዝገብ ከብዕር ጋር አቀረበና «ክቡር ሆይ፣ ስለ ቆይታዎ አስተያየትዎን ቢጽፉልን» አለው። ገዢው በዕድሜው ሙሉ የማንንም አስተያየት ጠይቆ አያውቅም፤ የእርሱንም የጠየቀው ሰው አልነበረም፤ ሳይጠየቅ ነበርና የሚሰጠው። ስለዚህ ልቡ ተነክቶ አለቀሰ ይባላል። ከዚያም «አልጋው ጥሩ ነበር፣ ትራሱ ግን ትንሽ ከፍ ይላል» ብሎ ጻፈ፤ ባለማረፊያውም እዚያው ፊቱ ትራሱን ዝቅ አደረገ። ገዢው ይህን ባየ ጊዜ፣ በአገሩ ሃያ ዓመት በነጋሪት ያላገኘውን መታዘዝ በአንድ መስመር ጽሕፈት በማግኘቱ ተደነቀ። እንደ ተመለሰም አዋጅ አስነገረ።

«ቤት ያለህ ሁሉ እንግዳ ተቀበል! እንግዳ የሆንህ ሁሉ ጻፍ! መጻፍ የማትችል አጽፍ! ያልጻፈ እንግዳ እንዳልመጣ ይቆጠራል፤ ያልተጻፈለት ቤት እንዳልተሠራ ይቆጠራል!»

በየቤቱ ደጃፍ አንዳንድ መዝገብ ተሰቀለ። እንግዳው ሲወጣ አውራ ጣቱን በቀለም ነክሮ ከአንድ እስከ አምስት ኮከብ ያትማል፤ ከሥሩም ቃሉን ያሰፍራል። በመጀመሪያው ዓመት ሦስት ኮከብ ያገኘ ሰው ጎረቤት ጠርቶ ደገሰ። በሁለተኛው ዓመት ሦስት ኮከብ ያገኘ ሰው ደጁን ዘግቶ ተኛ። በሦስተኛው ዓመት አራት ኮከብ ላገኘ ሰው ጎረቤቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው መጡና «አይዞህ፣ በሰው ልጅ የሚደርስ ነው» እያሉ አጽናኑት።

ሕግም በሕግ ላይ ተጨመረ። አስተናጋጅ በአንድ ማዕድ ከሦስት ጊዜ በላይ «በሞቴ» እያለ እንዳያጎርስ ተከለከለ፤ አንድ ጨዋ መንገደኛ «ባለቤቱ በእራት ላይ አሥራ ሁለት ጊዜ ሞተ፤ ደንግጬ በደንብ አልበላሁም» ብሎ ሁለት ኮከብ ብቻ አትሞ ሄዷልና። ደግሞም «አውራ ዶሮ የሚጮኸው እንግዳው በፈቃዱ ከነቃ በኋላ ይሁን» የሚል መመሪያ ወጣ። ዶሮዎቹ መመሪያውን ባለማንበባቸው ታረዱ፤ ይህም እንግዶቹን በሁለት በኩል ደስ አሰኘ።

ከሕጎቹ ሁሉ ሕዝቡን ያንቀጠቀጠውም ያስፈነደቀውም ግን ይህ ነበር፦ የቤቱ ምርጥ አልጋ የእንግዳ ነው። ባለቤቱ መቶ ሙሉ ምስክርነት፣ ማለትም መቶ ጊዜ አምስት ኮከብ ከምስጋና ቃል ጋር የሰበሰበ እንደ ሆነ፣ ከዚያች ቀን ጀምሮ እስከ ዕለተ ሞቱ በገዛ አልጋው ላይ እንዲተኛ በቸርነት ተፈቅዶለታል። ይህ በታወጀ ቀን አገሩ በእልልታ ተናወጠ። ትናንት በገዛ አልጋው ያደረ ሕዝብ፣ በገዛ አልጋው የመተኛት ተስፋ ሲሰጠው እንዲህ ሲጨፍር የታየው በዚያ አገር ብቻ ነው፤ ወይም እንዲህ ብለን ብናልፈው ይሻላል።

በዚህ አገር፣ ከገበያው በታች ባለው ሠፈር፣ ይርዳው የሚባል ጃንጥላ ጠጋኝ ነበር። ረዘም ያለ፣ ቀጠን ያለ፣ ሲታጠፍ ራሱ ጃንጥላ የሚመስል ሰው ነው። አንድ ክፉ ጠባይ ነበረው፤ ሲጠየቅ እውነቱን ይናገራል። ከአባቱ የወረሰው አንድ ቤት፣ በቤቱም ውስጥ አንድ አልጋ አለው። አልጋው የዋንዛ ነው፤ አባትየው ለይርዳው ሠርግ ብለው በእጃቸው ጠርበው፣ በበሬ ጠፍር ወጥረው የሠሩት ነው። ሲተኙበት እንደ ሽማግሌ አንድ ጊዜ «እህ» ይላል፤ ከዚያ በኋላ እስኪነጋ ድምፁ አይሰማም።

ይርዳውና ሚስቱ አንጓች በዚህ አልጋ ላይ አሥራ አንድ ዓመት ተኙ። አዋጁ ሲወጣ ወደ ሳሎን ተዛወሩ። አንድ እንግዳ «ሳሎን ውስጥ የሚያንኮራፋ አለ» ብሎ ሲጽፍ ወደ ጓዳ ገቡ። በዚያው ሰሞን ሌላው «ጓዳው ውስጥ ይንሾካሾካሉ» ሲል ወደ ማድቤት ወጡ። እነሆ ስድስት ዓመት ሙሉ፣ ከምድጃው ጎን በተነጠፈ ሰሌን ላይ፣ እግራቸውን አመድ እያለበሱ ያድራሉ። የይርዳው ወገብ ከዚያ ወዲህ ቀጥ ብሎ አያውቅም። በየማለዳው የእንግዳውን አንሶላ ሊያነሣ ሲገባ፣ አንጓች ካላየችው፣ መዳፉን በጠፍሩ ላይ አሳርፎ ትንሽ ይቆያል። ካየችው ደግሞ አትምረውም።

«እጅህ ተኛ?»

«እጄስ ተኛ። ተራ የሚጠብቀው ወገቤ ነው።»

«እንግዲያው ለወገብህ ንገረው፤ ዘጠና ዘጠኝ ሞልቷል። አንድ ሰው ቀርቶታል።»

እውነቷን ነበር። ዘጠና ዘጠኙም በዋዛ አልተገኘም። ለአንዱ እንግዳ፣ ፊት ለፊት ያለው ተራራ ስለ ረዘመበት ይርዳው ተንበርክኮ ይቅርታ ጠይቋል። አንዲት እመቤት በዚያ አልጋ ላይ ያየችው ሕልም አላማረኝም ብላ አራት ኮከብ ልታትም አውራ ጣቷን ስታነሣ፣ አንጓች ሮጣ ሕልሙን በደግ ፈትታላታለች፤ በሕልሟ ጥርሷ የረገፈው ልጆቿ ሊሾሙ ነው ብላ። እመቤቲቱም አምስተኛውን ጨምራ ሄደች።

መቶኛው እንግዳ በመጋቢት አንድ ቀን፣ ከቀትር በኋላ፣ በበቅሎ መጣ። ስሙ ተመቸ ነው፤ ኮርቻ ሰፊ ነው፤ አገሩ ከላይኛው ወንዝ ማዶ ነው። የማዶ ሰዎች ቃል ቆጣቢዎች ናቸው። በእነርሱ ዘንድ የምስጋና ሁሉ ጫፍ «ምንም አይልም» የሚለው ነው። ዝናብ በልኩ ሲዘንብ «ምንም አይልም» ይላሉ፤ ድግስ ሲሰምር «ምንም አይልም» ይላሉ። ተመቸ ራሱ በሠርጉ ቀን የሙሽራይቱን ፊት ገልጦ ባየ ጊዜ ለሚዜዎቹ «ምንም አትልም» ብሏቸው ነበር፤ ሚዜዎቹም እንዲህ የነደደ ፍቅር አይተን አናውቅም እያሉ እስከ ዛሬ ያወራሉ።

«ወጡ እንዴት ነው፣ አያ ተመቸ?» አለች አንጓች ማዕዱ ላይ።

«ምንም አይልም።»

«ጨው አንሶት ይሆን? በሞቴ ይንገሩኝ!»

«ኧረ ምንም አይልም አልኩሽ፣ እቴ» አለና ለሦስተኛ ጊዜ ጠቀለለ።

«አልጋውስ?» አለ ይርዳው፣ ነገሩ እንደማያስጨንቀው ሰው ወደ በሩ እያየ።

ተመቸ እጁን ከማዕዱ አነሣ። ጣራውን አየ፣ ጉልበቱን አየ፣ ብዙ አሰበ። «አልጋው» አለ በመጨረሻ፣ ድምፁ ትንሽ እየተንቀጠቀጠ፣ «ጭራሽ ምንም አይልም።»

ለአንድ ቀን የመጣው ሰው ሦስት ቀን ተቀመጠ። ሊሄድ ሲል የበሩን መቃን እንደ በቅሎው አንገት ደባበሰው። አውራ ጣቱን ነክሮ አምስት ጊዜ አተመ፤ አምስተኛው ከመጫኑ ብዛት ወረቀቱን ሊበሳው ምንም አልቀረው። ከሥሩም በገዛ እጁ እንዲህ ሲል ጽፎ ስሙን አኖረ፦

«ቤቱ ምንም አይልም። ተመቸ።»

ባልና ሚስት በቅሎዋ ከዓይናቸው እስክትሰወር በፈገግታ ሸኙ። ከዚያ አንጓች ሰሌኑን ከማድቤት አውጥታ አጥሩ ላይ ወረወረችው። ይርዳው ግን በሕግ የሚያምን ሰው ነውና መዝገቡ ላይ የመንግሥት ማኅተም ሳያርፍበት አልጋው ላይ አልወጣም አለ። ሰሌኑ ተመለሰ።

ማኅተሙን ሊያሳርፉ በሦስተኛው ቀን የመጡት ጸሐፌ አስተያየት ነበሩ። ጸሐፌ አስተያየት ማለት በዚያ አገር የእንግዶችን ቃል የሚመረምር ታላቅ ሹመት ነው። የጊዜው ባለሹመት ካባቸው ከእርሳቸው ቀድሞ በር የሚገባ፣ ሲቀመጡ ወንበሩ የሚያዝንላቸው ሰው ነበሩ። በስተኋላቸው መዝገብ ያዥ ይከተላል። ሥራው ጌታው የሚሰሙትን ሁሉ መጻፍ ነው፤ የሚያስቡትንም እንዲጽፍ አንድ ሰሞን ታዝዞ ነበር፤ ወረቀቱ ባዶውን እየተመለሰ አስቸገረና ቀረ።

ጸሐፌ አስተያየቱ መዝገቡን ገልጠው አነበቡ። ፊታቸው ጠቆረ።

«ቤቱ... ምንም... አይልም።»

«አዎን፣ ጌታዬ» አለ ይርዳው እጅ ነሥቶ። «ደህና ነው ማለቱ ነው።»

«ደህና ነው ማለት ከፈለገ ‹ደህና ነው› ብሎ አይጽፍም ነበር?»

«የማዶ ሰው ነው፣ ጌታዬ። እነሱ ሲያመሰግኑ እንዲህ ነው የሚሉት። እኛስ ብንሆን እንል የለም እንዴ? ‹ጤናህ እንዴት ነው› ሲሉን...»

«ስማ፣ ወንድሜ። የእኛ መሥሪያ ቤት የተጻፈውን ነው የሚያነብ። የታሰበውን የሚያነብ ሌላ መሥሪያ ቤት አለ፤ ወደዚያ እንዳልመራህ።»

ይርዳው ዝም አለ።

«ይኸው!» አሉ ጸሐፌ አስተያየቱ ወደ መዝገብ ያዡ ዞረው። «ባለቤቱም ምንም አይልም። ጻፍ። እንግዳ ሦስት ቀን ሙሉ ተቀምጦ ‹እንኳን ደህና መጣህ› ያላለ ቤት ወይ ኩራተኛ ነው፣ ወይ የሚደብቀው ነገር አለው።»

መዝገብ ያዡ ወደ መዝገቡ ጎንበስ አለ። «ጌታዬ፣ ከቃሉ ቀጥሎ ሌላ ቃል አለ። ‹ተመቸ› ይላል።»

«ተመቸ?» የጸሐፌ አስተያየቱ ፊት ፈካ። «ቤቱ ምንም አይልም፤ ተመቸ። ማለትም ቤቱ ቢኮራም እንግዳውን ተመችቶታል። እንዲህ ከሆነማ ነገሩ ይለዝባል፤ ማኅተሙም ያርፋል።» ጣታቸውን በቃሉ ላይ አኑረው ወደ ይርዳው ቀና አሉ። «ይህ ‹ተመቸ› የሚለው ፍርድ ነው ወይስ ስም?»

አንጓች በክርኗ የባሏን ጎን ወጋችው። አሥራ ሰባት ዓመት በትዳር የኖረ ሰው የእንዲህ ያለውን ክርን ትርጉም አያጣውም፤ ይርዳውም አላጣውም። ነገር ግን ተጠየቀ፤ እውነቱም አፉ ላይ ነበር።

«ስሙ ነው» አለ።

«ዋይ!» አለች አንጓች።

ጸሐፌ አስተያየቱ ግን ፍትሐዊ ሰው ነበሩ፤ ከመፍረዳቸው በፊት ተከሳሹን ቤት ራሱን ልስማው አሉ። «ግድግዳ ጆሮ አለው ሲባል ኖሯል። ጆሮ የተሰጠው ደግሞ አፍ አይነፈግም» ብለው ካባቸውን ሰብስበው ጆሯቸውን ከምርጊቱ ላይ ለጠፉ። ከግድግዳው ውስጥ ኮሽ፣ ኮሽ አለ።

«ምንድን ነው?» አሉ ዓይናቸው ፈጦ።

«አይጥ አለ፣ ጌታዬ» አለ ይርዳው።

መዝገብ ያዡ ብዕሩን አስሮጠ፤ የጻፈውንም እንደ ልማዱ ጮክ ብሎ አነበበ፦ «ቤቱ በተጠየቀ ጊዜ ‹አይጥ› አለ።»

ጸሐፌ አስተያየቱ ጆሯቸውን ከግድግዳው ነቀሉ። የጉንጫቸው ሥጋ ረገበ።

«ማንን ነው?» አሉ።

ፍርዱ እዚያው ቆሞ ተሰጠ። ቤቱ ሲፈልግ መናገር እንደሚችል፣ ነገር ግን እንግዳን በዝምታ የሚንቅ፣ ሹምን በአፍ የሚሰድብ መሆኑ ስለ ተረጋገጠ፣ ባለቤቱ በአሥራ አምስት ቀን ውስጥ ጨዋ ንግግር ያስተምረው፤ ያላስተማረው እንደ ሆነ፣ ቤቱ ከነዕቃው፣ ከነአልጋው፣ ቤት ማናገር ለሚያውቅ ሰው ይሰጣል።

«ስሙ ነው!» አለች አንጓች፣ ጸሐፌ አስተያየቱና መዝገብ ያዡ ከአጥሩ እንደ ራቁ። «ስሙ ነው! ምላስህን ጅብ ይጎትተውና! ‹ፍርድ ነው› ብትል ሰማይ ይደፋብህ ነበር?»

«የሰውየው ስም ተመቸ ነዋ፣ አንጉ።»

«አይጡንስ ማን አናግሮህ ነው?»

«አይጥ ነበረ እኮ።»

«አይጥማ አለ! አሁንም አለ! እኛ ማድቤት ስንሰደድ እሱ እልፍኝ ነው የሚያድረው። አንድ ቀን እንኳ አስተያየት ተጠይቆ ያውቃል?»

ይርዳው ምድጃው ጠርዝ ላይ ተቀመጠ። የአባቱን እጅ አሰበ፤ መጥረቢያው ሲያዳልጣቸው የተቆረጠውን ሌባ ጣታቸውን፣ «ይህ እንኳ ለልጅ ልጅህ ይበቃል» እያሉ ጠፍሩን ሲወጥሩ። ያ አልጋ ቤት ማናገር ያውቃል ለተባለ ባዕድ ሊሰጥ ነው።

«ቤት እንዴት ተደርጎ ነው ንግግር የሚማር?» አለ።

«ምን ቸገረህ! ከኮርኒሱ በላይ ውጣና አንተ ተናገርለት! ቤቱ ያንተ አይደል? አፍም ሁነው!»

ይህን ያለችው ንዴቷን ልትወጣበት ነበር። ይርዳው ግን ቀስ ብሎ ቀና አለ፤ በማድቤቱ በር አሻግሮ የቤቱን ጣራ አየ፤ አስተያየቱም ለአንጓች አልጣማትም።

«ኧረ ስቀልድ ነው፣ አንተ ሰውዬ» አለች።

በማግሥቱ ከአቡጀዲ ኮርኒሱ በላይ፣ ከዋንዛው አልጋ ትይዩ፣ ሁለት ሳንቃ ተጋደመ። ይርዳው እንደ ጃንጥላ ታጥፎ ገባ። አቡጀዲው ላይ የአዝራር ቀዳዳ የምታህል ሽንቁር ነበረች፤ በእርሷ ሲያይ አልጋው በሙሉ ይታየዋል። አንጓች እንግዳ ሆና በበሩ ትገባለች፣ እርሱ ቤት ሆኖ ይቀበላታል።

«እንኳን ደህና መጣሽ፣ እመቤቴ።»

«ይህ የጃንጥላ ጠጋኝ ድምፅ ነው። ቤት እንዲህ አይናገርም።»

«ቤት እንዴት ነው የሚናገር?»

«እኔ ምን አውቄ? ወፈር አድርገው! ድንጋይ መሠረት ያለህ ሰው ነህ እኮ።»

ወፈር አደረገው። በአምስተኛው ቀን ገደማ ይርዳው በራሱ ላይ አንድ እንግዳ ነገር አስተዋለ። በሕይወቱ ሙሉ ውሸት ሊናገር ሲል ቃሉ አልወጣ ይለው የነበረው ሰው፣ ቤት ሆኖ ሲናገር ምንም አልከበደውም። «እንዲህ ያለ ውብ እንግዳ ገብቶብኝ አያውቅም» ይላል፤ ቃሉ እንደ ቅቤ ይንሸራተታል። የተጠየቀው ቤቱ ነዋ፤ እርሱን ማን ጠየቀው?

በአሥራ አምስተኛው ቀን ጸሐፌ አስተያየቱ መዝገብ ያዣቸውን አስከትለው ገቡ። እግራቸው ደፉን እንደ ረገጠ ከላይ፣ ከጣራው በኩል፣ ወፍራም ድምፅ ወረደ።

«እንኳን ደህና መጡ፣ ክቡርነትዎ። እርስዎ ሲገቡ መሠረቴ ሞቀ፤ ምሰሶዬ ቀና አለ።»

ጸሐፌ አስተያየቱ ባርኔጣቸውን አወለቁ። ለሰው አውልቀውት አያውቁም ነበር።

«ቤቱ ሆይ» አሉ፣ «ባለፈው ስለ ተናገርኸው ቃል ምን ትላለህ?»

«አይጥ ያልሁት ራሴን ነው፣ ጌታዬ። በክቡርነትዎ ፊት እኔ አይጥ ነኝ።»

«ጻፍ!» አሉ ጸሐፌ አስተያየቱ፤ ዓይናቸው እንባ አቅርሯል። «ለመሆኑ ባለቤትህ እንዴት ያለ ሰው ነው?»

ቤቱ ድምፁን ይበልጥ አወፈረ። «ደግ ሰው ነው። ወገቡን ያመዋል እንጂ።»

«አሁን የት አለ?» ብለው ወደ አንጓች ዞሩ።

«ከቤቱ አልወጣም፣ ጌታዬ» አለች አንጓች፣ መሬት መሬት እያየች።

በዚህ መካከል ይርዳው ከደስታ የተነሣ ትንሽ ተንቀሳቀሰ። ሳንቃው ከዳው፤ አቡጀዲው ቷ ብሎ ተቀደደ፤ አንድ ረጅም እግር እስከ ጉልበቱ በጸሐፌ አስተያየቱ ራስ ላይ ተንጠለጠለ። አቧራው እንደ ጉም ወረደ። እግሩ ጣቶቹን አንድ ጊዜ ዘርግቶ አጠፈ።

«ጌታዬ» አለ መዝገብ ያዡ ቀስ ብሎ፣ «እግር ይታየኛል።»

ጸሐፌ አስተያየቱ ቀና ብለው እግሩን ረጅም ጊዜ ተመለከቱት። ከዚያ ካባቸውን አራገፉ።

«ታዲያስ?» አሉ። «እግር ከሌለው ቤቱ በምን ይቆማል?»

መዝገብ ያዡም ጻፈ።

ማኅተሙ ያን ዕለት ዐረፈ፤ አቡጀዲውም ተሰፋ። ነገሩ እስከ ገዢው ጆሮ ደረሰ፤ ገዢውም የሚናገር ቤት በአገሩ በመገኘቱ እጅግ ደስ ብሎት ለይርዳው ማዕረግ ሰጠው። ንጉሥ አፈ ንጉሥ ካለው ቤት አፈ ቤት ለምን ያጣል ተባለና፣ ይርዳው የአገሩ የመጀመሪያው አፈ ቤት ሆኖ ተሾመ። በገዛ አልጋው የመተኛት መብቱም በወርቅ ቀለም ተጽፎ ተሰጠው፤ መብቱን የሚጠቀምበትም አፈ ቤቱ ከሥራው በሚያርፍበት ሰዓት ነው። የአፈ ቤት ሥራ ዕረፍት እንደሌለው የተጻፈው በቀጣዩ አንቀጽ ነበር። ሲሾም መሐላ ማለ፦ ለእንግዳ መልካሙን እናገራለሁ፤ በቤቱ ውስጥ የተባለውን ሁሉ ዓርብ ዓርብ ለጸሐፌ አስተያየት ሳልደብቅ አሳውቃለሁ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን አገር ያውቀዋል። ምንም የማይል ቤት ሁሉ በአሥራ አምስት ቀን ውስጥ ይናገር ተባለ። አናጢዎች ከጣራ ጣራ ሲሮጡ ከረሙ። ባለጠጋው በሰፊ ኮርኒስ፣ ድኻው በጠባብ ቆጥ፣ ባለቤት የተባለ ሁሉ ወደ ላይ ወጣ። መንገደኛ በሠፈሩ ሲያልፍ ከየጣራው «እንኳን ደህና መጡ» ይዘንብበታል። የሚያልፈው መንገደኛ ግን በየሳምንቱ እያነሰ ሄደ፤ እንግዳ ሆኖ የሚሄደው ሁሉ በራሱ ቤት ኮርኒስ ውስጥ አስተናጋጅ ሆኖ ተኝቷልና። ከባሕር ማዶ የመጡ ጥቂት ጎብኚዎችም ጣራዎቹ ባንድ ድምፅ ሲያሞግሷቸው ሰምተው ከድንበሩ ተመለሱ። በዓመቱ መጨረሻ ጸሐፌ አስተያየቱ ለገዢው፣ በመላው አገር ስድስት ወር ሙሉ አንዲት ቅሬታ እንዳልቀረበች በደስታ አበሠሩ። ገዢውም ለእንግዶቹ ምስጋና አቀረበ።

አንድ ቀን ከቀትር በኋላ አንጓች አንሶላውን ልትቀይር ገባች። ማንም ያልተኛበትን አንሶላ በየሦስት ቀኑ መቀየር ሥራዋ ነበር። በሩ ሲጢጥ ሲል ከላይ ድምፁ ወረደ።

«እንኳን ደህና መጡ፣ እመቤቴ። እርስዎ ሲገቡ መሠረቴ...»

«እኔ ነኝ፣ አንተ ሰውዬ።»

«አንቺ ነሽ?» አለ ይርዳው። የራሱን ድምፅ ከሰማ ሰንብቶ ስለ ነበር ቀጭንነቱ አስደነገጠው።

አንጓች አንሶላውን ይዛ ቆመች። ወደ በሩ አየች፤ መንገዱ ባዶ ነው። ነጠላዋን አውልቃ የአልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች፤ ከዚያ እግሯን ሰብስባ ወጣችና ተጋደመች። አልጋው «እህ» አለ። ይርዳው በሽንቁሯ ሲያይ፣ ሚስቱ በዚያ እርሱ ይተኛበት በነበረው በግድግዳው በኩል፣ እጇን ዘርግታ ጠፍሩን ስትዳብሰው አያት።

«አንጉ» አለ በሹክሹክታ። «እንዴት ነው?»

ዓይኗን ጨፈነች። ጉንጯ ላይ አንድ ነገር ሲወርድ ከላይ ታየው፤ ላብ ይሁን ሌላ ሽንቁሯ ጠባብ ስለ ነበረች አልለየውም።

«ምንም አይልም» አለች።

ይርዳው ሳንቃው ላይ ግንባሩን ደፋ። ይህን ያህል ዓመት የፈለገው ይህ ነበር፤ በእርሷ አፍ ሰማው፤ ለራሱ የደረሰው ያህል ሆነለት። ያን ቀን ከሰዓት በኋላ ቤቱ አንድ ቃል አልተናገረም።

ዓርብ ዕለት መዝገብ ያዡ መጣ። «በዚህ ሳምንት በቤቱ ውስጥ ምን ተባለ?» ሲል በሽንቁሯ በኩል ጠየቀ።

ቤቱ ቢጠየቅ ኖሮ መልካም ነገር ተናግሮ ባለፈ ነበር። አሁን ግን የተጠየቀው በመሐላው መሠረት አፈ ቤቱ ራሱ ነበር፤ እውነቱም አፉ ላይ ነበር።

በሰባተኛው ቀን ጸሐፌ አስተያየቱ ልዩ ፈቃድ ይዘው መጡ። «አልጋው ምንም አይልም» የሚል ምስክርነት በመሰማቱ፣ በመላው አገር ያሉ አልጋዎች ሁሉ ከእንግዲህ ወዲህ እንዲናገሩ መታዘዙን አነበቡ። የመጀመሪያይቱ አፈ አልጋ የመሆን ክብርም ጉዳዩን በቅድሚያ ላስተዋለችው ለወይዘሮ አንጓች ተሰጠ። አናጢ መጣ፤ ከአልጋው ሥር ሰሌኑ ተነጠፈ፤ ያው የማድቤቱ ሰሌን ነበር።

«ተጠየቅሁ እኮ፣ አንጉ» አለ ከላይ ቀጭኑ ድምፅ፣ ሰዎቹ እንደ ወጡ።

«ቆይ አንተ» አለች አንጓች ከአልጋው ሥር። «ከዚህ የወጣሁ ዕለት!»

አልወጣችም፤ የአፈ አልጋም ሥራ ዕረፍት የለውምና። ዛሬም በዚያ ሠፈር የሚያልፍ ቢኖር ይሰማቸዋል። በሩ በነፋስ በተነካ ቁጥር ከላይ «እንኳን ደህና መጡ፣ ምሰሶዬ ቀና አለ» ይላል ወፍራሙ ድምፅ፤ ከታች «ይረፉ፣ ጎንዎን ያሳርፉ፣ በሞቴ» ይላል ሌላው፤ ከሦስት ጊዜ አያልፍም፣ ሕግ ነው። በመካከላቸው አንሶላው ተወጥሮ፣ ትራሱ በልኩ ዝቅ ብሎ፣ የዋንዛው አልጋ ተነጥፏል። የሚተኛበት ስለ ጠፋ «እህ» እንኳ ማለት ትቷል። አይተው የመጡ ሰዎች ግን አልጋው እንዴት ነው ሲባሉ ግራ ቀኙን አይተው፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ እውነቱን ይናገራሉ። ምንም አይልም።